ባክስላሽና ቁጥር ምንድን ነው? የተቆለፈ ጽሑፍ ግን አይደለም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ስር ቡና እየጠጣን ነው። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። የሚያስተዳድረው ፕሮግራም በከተማ ስም ሲፈለግ ምንም አያመጣም። ምክንያቱን ለማወቅ ስትሬስ አስነስቷል፤ ፕሮግራም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚለዋወጠውን የሚመዘግብ የሊኑክስ መሣሪያ ነው። «እየው፣ ዳታው ኢንክሪፕት ሆኗል» አለኝ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ይህ ነው፦

\341\210\220\341\210\250\341\210\255

ኢንክሪፕት አልሆነም። «ሐረር» ነው የሚለው።

ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። «ተቆልፏል»፣ «ተበላሽቷል»፣ አንዳንዴም «ቫይረስ ገብቶበታል»። ስትሬስ እንዴት እንደሚነሳ ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የምቆመው ስትሬስ በጥቅስ ውስጥ አድርጎ በሚያሳየው ጽሑፍ ላይ ነው።

የጀጎልን በሮች አስቡ። ሸዋ በር፣ ኤረር በር፣ ቡዳ በር፣ ሌሎቹም። ድሮ ወደ ሐረር የሚገባም ሆነ የሚወጣ ሁሉ ከአምስቱ በሮች በአንዱ ማለፍ ነበረበት። ፕሮግራምም እንደዚያው ነው። ፋይል ሲጽፍ፣ ከኔትወርክ ሲያነብ፣ ወደ ከርነል፣ ማለትም ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ የሚሻገርበት በር አለው። በሩ ሲስተም ኮል ነው። ስትሬስ ደግሞ በሩ ላይ ደብተር ይዞ የቆመ ጸሐፊ ነው። ያለፈውን ሁሉ ይመዘግባል።

ይህ ጸሐፊ የሚያነበው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ አስኪ የሚባለውን፣ የእንግሊዝኛውን ፊደልና ቁጥር የያዘውን። በአስኪ የተጻፈ ካገኘ እንዳለ ይገለብጠዋል። ሌላ ነገር ሲገጥመው አይገምትም፣ አይዘልምም። የእያንዳንዱን ባይት፣ ማለትም የእያንዳንዱን ትንሽ የመረጃ ቁራጭ፣ ቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩ ከተራ ጽሑፍ ጋር እንዳይምታታ ደግሞ ፊቱ ላይ ባክስላሽ ያደርጋል። ኢስኬፕ ማለት ይኸው ነው። ነጋዴው የተሸከመው ጆንያ አልተነካም። የተለወጠው ደብተሩ ላይ ያለው አጻጻፍ ብቻ ነው።

ለምን አማርኛውን ራሱን አያሳየንም? ጸሐፊው ጆንያው ውስጥ ያለው አማርኛ ይሁን፣ ፎቶ ይሁን፣ የተጨመቀ ፋይል ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከርነሉም አያውቅም። በበሩ የሚያልፈው የማህደረ ትውስታ አድራሻና የባይት ብዛት ነው። በዚያ ላይ ያልታወቀ ባይት እንዳለ ተርሚናል ላይ ቢፈስ ስክሪኑን ሊያምሰው ይችላል፤ ተርሚናሉን የሚያዙ ባይቶች አሉና። ባክስላሹ እናንተን ከዚህ ይጠብቃል።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። በስምንት መሰረት የተጻፉ ናቸው። 341 ማለት ሦስት ጊዜ 64፣ አራት ጊዜ 8፣ ሲደመር 1 ነው፤ 225። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ዩኒኮድ ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ያ ቁጥር በባይት በሚጻፍበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ 8፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ ቤትና እስከ ግዕዝ ቁጥሮች ድረስ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 341 ነው። ሁለተኛው ከ210 እስከ 215 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ \341 በየሦስቱ እየተመላለሰ፣ ቀጥሎትም ከ210 እስከ 215 ያለው ቁጥር ሲመጣ ካያችሁ፣ ያያችሁት አማርኛ ነው። ወይም ትግርኛ፣ ወይም ሌላ በዚሁ ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ። እኔ አሁን አሁን ሳልፈታው ገና በዓይኔ አውቀዋለሁ። እናንተም ከጥቂት ቀን በኋላ ታውቁታላችሁ።

ባልደረባዬ ግን አልተዋጠለትም። «ማንበብ ካልቻልኩ ተቆልፏል ማለት አይደል?» አለ። አይደለም! ቁልፍ የሌለው ነገር ተቆልፏል ሊባል አይችልም። ኢንክሪፕሽን ሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁልፉ የሌለው ሰው አይከፍተውም። ኢስኬፕን የሚፈታው ሕጉ ነው፤ ሕጉም ለማንም ክፍት ነው። በእርሳስና በወረቀትም ይፈታል። አረብኛ ማንበብ የማይችል ሰው መጋላ ውስጥ አረብኛ ማስታወቂያ ቢያይ «ተቆልፏል» አይልም። «አላነበውም» ነው የሚለው።

በዚህ ላይ የምከርረው በምክንያት ነው። አንድ መስሪያ ቤት አውቃለሁ። የምዝገባ ፕሮግራሙ መጻፍ ሲያቆም ባለሙያው ስትሬስ ከፈተ፣ ባክስላሾቹን አየ፣ «ዳታው ተቆልፏል» ብሎ ፈረደ። ሰርቨሩን አጥፍተው ከአሮጌ ባክአፕ መለሱት። የሁለት ቀን ምዝገባ ጠፋ፤ ሰው እንደገና ተሰለፈ። መልሱ እኮ እዚያው መስመር መጨረሻ ላይ ነበር። ከእኩል ይሆናል ምልክቱ ቀጥሎ -1፣ ከጎኑም ዲስኩ ላይ ቦታ የለም የሚል መልእክት። ዲስኩ ሞልቶ ነበር። ጥቅሱን እያዩ ከጥቅሱ ውጭ ያለውን አላዩም።

ሌላው ጉዳት ከዚህ የባሰ ነው። ኢንክሪፕት ነው ብለው ስላመኑ የስትሬስ ውጤትን ለማያውቁት ሰው የሚልኩ አሉ። ውስጡ የሰዎች ስም አለ። ስልክ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፓስዎርድ ጭራሽ ኢስኬፕ አይደረግም፤ በግልጽ ነው የሚጻፈው። የአማርኛው ስምም በአንድ ትእዛዝ ይነበባል።

ትእዛዙ ፕሪንትኤፍ ነው። መጀመሪያ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ የመቶኛ ምልክትና የእንግሊዝኛውን ቢ ትጽፋላችሁ። ቀጥሎ በሌላ ነጠላ ጥቅስ ከስትሬስ የቀዳችሁትን ጽሑፍ ታስገባላችሁ። ባሽ በሚባለው ሼል (ትእዛዝ የምንጽፍበት ፕሮግራም) ላይ ወዲያው አማርኛው ይወጣል። ነጠላ ጥቅሱን አትርሱ። ያለ ጥቅስ ከተጻፈ ባክስላሹን ሼሉ ራሱ ይበላዋል፤ የሚቀራችሁ ባዶ ቁጥር ነው።

ጽሑፉን በመቶኛና በቢ ፈንታ በቀጥታ በመጀመሪያው ቦታ የሚያስገቡ አሉ። ይህን አታድርጉ። ጽሑፉ ውስጥ የመቶኛ ምልክት ካለ፣ ለምሳሌ የቫት ስሌት፣ ፕሪንትኤፍ እንደ ትእዛዝ ይወስደውና የማይሆን ነገር ያወጣል።

ኢኮ የሚባለው የባሽ ትእዛዝም ከሰረዝ ኢ ጋር ይፈታል፤ ግን ከባክስላሹ በኋላ ዜሮ ካላገኘ ቁጥሩን እንዳለ ነው የሚያሳየው። \341 ሳይሆን \0341 ይፈልጋል። ፖዚክስ የሚባለው ደረጃም ለመቶኛና ቢ የደነገገው ባለ ዜሮውን ነው። ባሽ ሁለቱንም ስለሚቀበል ብዙ ሰው ልዩነቱን አያስተውለውም። ታዲያ አንድ ቦታ ላይ ባሽም ያሳስታል። ስትሬስ ባዶ ባይት ሲያገኝ \0 ብሎ ያሳጥረዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ከሆነ ግን እንዳይምታታ \000 ብሎ ያሟላዋል። ባዶ ባይትና ከሱ ቀጥሎ 1 ቁጥር ካለፉ \0001 ተብሎ ይመዘገባል። ፕሪንትኤፍ ይህን ሲያይ ዜሮውን ተከትለው የመጡትን ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ይውጣቸዋል። ሁለት ባይት የነበረው አንድ የተሳሳተ ባይት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጽሑፍ በሚለውጠው ትእዛዝ፣ በሴድ፣ ባክስላሽ ቁጥር በሚያስከትልበት ሁሉ መሃላቸው ዜሮ አስገቡ። ያኔ ሁሉም ቦታ ልክ ይመጣል። ጽሑፉ ውስጥ እውነተኛ ባክስላሽ ካለ ስትሬስ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፈው እሱን ለይታችሁ ተዉት፤ የዊንዶውስ ፋይል አድራሻ ውስጥ ይህ ያጋጥማል።

ጄሰን፣ ማለትም ስሞቹን በድርብ ጥቅስ የሚያስቀምጥ የመረጃ አጻጻፍ፣ የምትፈቱ ከሆነ ደግሞ ስትሬስ ድርብ ጥቅሶቹ ፊት ያስቀመጠው ባክስላሽ ሳይነሳ ይቀራል። ባሽ በመቶኛና ቢ እሱን አይነካውም። በሴድ አንሱት።

አሁን ሰዎች «ይኸው ተበላሽቷል» የሚሉበት ትልቁ ቦታ ጋ ደረስን። የጸሐፊው ደብተር ጠባብ ነው። ስትሬስ ካልታዘዘ በቀር ከአንድ ጽሑፍ 32 ባይት ብቻ መዝግቦ፣ ጥቅሱን ዘግቶ፣ ሦስት ነጥብ ያስቀምጣል። ለእንግሊዝኛ 32 ፊደል ነው። ለእኛ አስር ፊደልና ሁለት ባይት ነው። አስራ አንደኛው ፊደል ከመሃሉ ይቆረጣል! ስትፈቱት መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ካሬ ይመጣል። ፋይሉ ግን ደህና ነው። የተቆረጠው ደብተሩ ላይ ነው። ሰረዝ ኤስ ብላችሁ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ፤ እኔ 4096 እሰጠዋለሁ። ስንት ባይት በእርግጥ እንዳለፈ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከእኩል ይሆናል ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። እሱ የፊደል ሳይሆን የባይት ቁጥር ነው። «ድሬዳዋ» አራት ፊደል ቢሆንም 12 ይላል።

ውጤቱን መስመር ወደሚያጣራው ትእዛዝ፣ ወደ ግሬፕ፣ ወይም ወደ ሴድ ስትልኩ ምንም አልተጣራም ብላችሁ አትደናገጡ። ስትሬስ የሚጽፈው በስህተት መልእክት መውጫው በኩል ነው። ሰረዝ ኦ ሰጥታችሁ ፋይል ላይ አስቀምጡትና ከዚያ ሥሩበት።

በእውነት የተቆለፈም ያጋጥማል፤ እሱን አልክድም። በቲኤልኤስ፣ የኔትወርክ ግንኙነትን በሚቆልፈው ዘዴ፣ የሚሄድ ግንኙነት ውስጥ መረጃው ከፕሮግራሙ ሲወጣ ቀድሞ ተቆልፏል። መጀመሪያው ብዙ ጊዜ \27\3\3 ነው። \37\213 ብሎ የሚጀምረው ደግሞ በጂዚፕ የተጨመቀ ነው፤ ኢስኬፑን ከፈታችሁ በኋላ ጭመቃውንም መፍታት አለባችሁ። በሁለቱም ውስጥ ያ በየሦስቱ የሚመላለሰው \341 የለም። ቁልፉን ያደረገው ነጋዴው ነው፤ ጸሐፊው አይደለም።

ወደ ከዚራው ቡና ልመለስ። የባልደረባዬ መስመር ተጠቃሚው ፈልግልኝ ያለው ስም ነበር። ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብለን ፕሮግራሙ ከፋይሉ ያነበበውን አገኘን፦

\341\210\200\341\210\250\341\210\255

ፕሪንትኤፍ ላይ አስቀመጥኩለት። «ሀረር» አለ። አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። ለፕሮግራሙ ግን 220 እና 200 ናቸው። ፍለጋው ባዶ የመጣው ለዚህ ነበር። ከመፈለጉ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ የሚለውጥ መስመር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጨመረ። ሁለተኛው ቡና ሳይመጣ የሐረር መዝገቦች ተደርድረው መጡ።