«ደጋግሜ ነግሬያታለሁ» ማስጠንቀቂያ አይደለም

ከቃሊቲ እስከ ገላን ባሉ ፋብሪካዎች በሰው ኃይል አስተዳደር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሱፐርቫይዘሮች ሁሌ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንቴ ነገርኳት፣ አልሰማ አለች፣ ትባረር።» በእውነት ሰልችቶኛል።

መንገር ሌላ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ሌላ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በማርፈድ ወዲያው የሚሰናበተው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈደ ነው፤ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው። ከሥራ ለቀረ 5 ቀን ነው። እዚያም ወረቀቱ የግድ ነው።

አንድ ሱፐርቫይዘር ስለ ማሸጊያ ክፍል ልጅ ሊከስ መጣና ከጋዋኑ ኪስ ትንሽ ደብተር አወጣ። በሰማያዊ እስክሪብቶ 11 ጭረት። ቀን የለው፣ ሰዓት የለው፣ የሷ ፊርማ የለው። ልጅቷ የምትሳፈረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሰርቪሱ ጥሏት እየሄደ መሆኑን ሦስቴ በቃል ተናግራለች። በመጨረሻ ጽፋ አስገባች። ደብተሩ የወጣው በማግስቱ ነው። የስንብት ደብዳቤዋን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፍርድ ቤት «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው የታል?» ተባልን። አልነበረንም። ውዝፍ ደመወዟ ተከፍሏት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ቅሬታ የሚያበዛ ረባሽ ነው፣ ይሂድ» የሚሉም አሉ። አይቻልም። በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ጽፎታል።

«ጥፋቱን ፋይል ውስጥ እናቆየው፣ ሲያስፈልግ እናወጣዋለን።» ይህም ስህተት ነው። ወዲያው የሚያሰናብት ጥፋት መፈጸሙን ካወቃችሁ 30 የሥራ ቀን ነው ያላችሁ።

«ደመወዙን ቁረጥበት» ማለትም እንዲሁ በአለቃ ትእዛዝ ብቻ አይሆንም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ቢፈቀድም ከወር ደመወዙ ሲሶ አያልፍም።

«ማስጠንቀቂያውን አልፈርምም ካለ ምን ላድርግ?» እምቢ ማለቱን ጻፉና ሁለት ምስክር አስፈርሙ።

እባካችሁ፣ ማስጠንቀቂያውን በዚያው ቀን ጻፉ። ቀኑንና ሰዓቱን አስገቡ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሰውየውን ቁጭ አድርጋችሁ «ምን ገጥሞህ ነው?» በሉት። መልሱንም እዚያው ላይ ጻፉት። እኛ ይህን የጠየቅናት ከፍርድ ቤት መልስ ነው። ሰርቪሱ አደባባዩ ጋ አምስት ደቂቃ እንዲጠብቅ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አላረፈደችም።