ኦፍ ሲዝን ምንድን ነው? በብርድ ወራት ባህር ማየት ላማረው ሰው

ኦፍ ሲዝን ማለት አንድ ቦታ እንግዳ የማይበዛበት ጊዜ ነው። የበረዶ ሸርተቴ ከተማ ጭር የሚለው በሰመር ነው። የባህር ጠረፍ ከተማ ደግሞ ብርዱ ሲገባ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያሉት ወራት ማለት ነው፣ በደቡቡ ከጁን እስከ ኦገስት።

ኦፍ ሲዝን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ዋጋ ነው። እውነት ነው፣ የሆቴል ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፣ በሰመር የማይታሰበው ባህር የሚያሳይ ክፍልም ሊቀመስ የሚችል ዋጋ ላይ ይደርሳል። ለኔ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ከተማው ለነዋሪዎቹ ይመለሳል። ወረፋ የለም፣ ምግብ ቤት ገብታችሁ የፈለጋችሁት ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ አስተናጋጁም ካወራችሁት ለማውራት ጊዜ አለው። ቅዳሜና እሁድን ብቻ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም ከሁለት ቀን ላይ አንድ ሰዓት በወረፋ ከተበላ ምን ይቀራል?

ደግሞ ይሄ ወቅት ሁሌም "ኦፍ" አልነበረም። ደቡብ ፈረንሳይ ያለችው ኒስ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሀብታም እንግሊዞች የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው የሚከርሙባት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መሠራት የጀመረው ዝነኛው የባህር ዳር መንገዷ ዛሬም በእነሱ ስም ነው የሚጠራው፣ ፕሮሜናድ ደዛንግሌ፣ የእንግሊዞች መንገድ። በዚያ ዘመን በአካባቢው ብዙ ሆቴሎች የሚዘጉት በሰመር ነበር! ፀሐይ ላይ ተጋድሞ መጥቆር ፋሽን የሆነው በ1920ዎቹ ነው፤ ነገሩ የተገለበጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

"ይበርደናል እኮ" የምትሉ ትኖራላችሁ። ይበርዳችኋል፣ ግን የምትፈሩትን ያህል ላይሆን ይችላል። ባህር ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። በሰመር የያዘውን ሙቀት በብርዱ ወራት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚህ ጠረፍ ላይ ያለ ከተማ ከምድር ወገብ እኩል ርቀት ላይ ሆኖ መሃል አገር ካለው ከተማ ይልቅ በአብዛኛው ለስለስ ያለ ብርድ ነው ያለው። ደቡብ ስፔን ያለችው ካዲዝ ከሞላ ጎደል በባህር የተከበበች ናት፣ ጃንዋሪ ላይ እንኳ የቀኑ ሙቀት ወደ 16 ዲግሪ ይደርሳል። ጃኬት ለብሶ ደጅ ቡና ለመጠጣት ይበቃል። ዋናን ግን እርሱት። ውሃው ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሰሜኑ በኩል ባህሩ በጣም የሚበርደው ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ነው።

የሚያታልለው ነፋሱ ነው። ስልካችሁ 10 ዲግሪ ይላችኋል፣ የባህር ዳር መንገዱ ላይ ስትወጡ ፊታችሁ ይቆረጣል። የጣሊያኗ ትሪየስተ ቦራ የሚባል ነፋስ አላት፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል። ድሮ እግረኛ እየያዘ እንዲሄድ መንገዶቿ ላይ ገመድ ይወጠር ነበር። ስለዚህ ትንበያ ስታዩ ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን የነፋሱን ፍጥነትም እዩ፣ ጃንጥላውን ቤት ተዉትና ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። ወፍራም ሹራብ ብቻውን አያዋጣም፣ ነፋሱ አልፎ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኦፍ ሲዝን ጉዞ የሚያምረውም የሚበላሸውም በከተማው ምርጫ ነው። ለቱሪስት ብቻ ተብሎ የተሠራ የመዝናኛ ከተማ በብርድ ወራት ሰርጉ አልቆ ያልፈረሰ ዳስ ነው የሚመስለው። ሱቁ ተዘግቷል፣ ወንበሩ ተደርድሮ በሰንሰለት ታስሯል፣ ክፍት የሆነችው አንዲት ፒዛ ቤት ደግሞ የምትዘጋው በጊዜ ነው። መፈለግ ያለባችሁ ቱሪስት ባይመጣም የሚኖር ከተማ ነው። ወደብ ያለው፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ የዓሣ ገበያው ጠዋት ጠዋት የሚሠራ። ትሪየስተን በነፋሷ አማኋት እንጂ በዚህ በኩል ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1719 ነፃ ወደብ ተብላ ከታወጀች ጀምሮ በንግድ ያደገች ናት፣ ቡና በብዛት የሚራገፍባት ወደብ ናት፣ የድሮ ካፌዎቿም ነዋሪው የሚቀመጥባቸው ናቸው። ተማሪው ጃንዋሪ ላይም ቡና ይጠጣል፣ የወደብ ሠራተኛውም ምሳ ይበላል።

ይሄን ከቤት ሆኖ ማጣራት ይቻላል። ካርታ ላይ ያሉ ምግብ ቤቶችን ከፍታችሁ ሰዎች አስተያየት የጻፉበትን ወር እዩ። ሁሉም ጁላይና ኦገስት ከሆነ ተጠንቀቁ። ሆቴሉንም ጠይቁ፣ በተለይ ማሞቂያውን። ሞቃት በሚባሉ ጠረፎች ያሉ ብዙ ቤቶች ለሙቀት እንጂ ለብርድ ታስበው አልተሠሩም፣ ባህር የሚያሳይ ትልቅ መስኮት ደግሞ ማሞቂያው ደካማ ከሆነ ሌሊቱን አያስተኛም። ቁርስ በዚያ ወር ይቀርብ እንደሆነም ጠይቁ፣ አንዳንዱ በብርድ ወራት ክፍል ብቻ ነው የሚያከራየው።

ከዚያ ሰዓቱን አስቡ። ብርሃን አጭር ነው። ለምሳሌ ከምድር ወገብ 50 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ባለ ቦታ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ፀሐይ የምትታየው በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ በጁን ግን ለ16 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ በሰመር ልማድ ዕቅድ ካወጣችሁ ግማሹን በጨለማ ነው የምትሠሩት። ተኙ፣ ቁርሱን አስረዝሙት፣ የእግር ጉዞውን እኩለ ቀን ዙሪያ አድርጉት፣ ሙዚየምና ካፌ ለማምሻው ይሁን። ዕቅድ አይኑር እያልኩ አይደለም። ለቅዳሜ አንድ ነገር፣ ለእሁድ አንድ ነገር ያዙ፣ ሌላው ሲመጣ ይምጣ። አራት አምስት ቦታ የሚል ዝርዝር ይዞ መሄድ ሥራ እንጂ እረፍት አይደለም።

ባህሩ የሚሞላና የሚጎድል ከሆነ ግን የመሙያና የመጉደያ ሰዓቱን ሳታውቁ እንዳትወጡ። የፈረንሳይዋ ሳን ማሎ ላይ ልዩነቱ ከ12 ሜትር በላይ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ። እዚያ ግራን ቤ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት ውሃው ሲጎድል በእግር ይኬዳል፣ ሲሞላ መንገዱ ይሰምጣል፣ የተዘናጋ ሰው ውሃው እስኪሸሽ ለሰዓታት እዚያው ይቀራል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚዘገይ የቅዳሜው ለእሁድ አይሠራም። ማዕበል ያለ ቀን ደግሞ ውሃው በሞላበት ሰዓት ሞገዱ ግንቡን ዘሎ መንገድ ላይ ይወድቃል። ለማየት ደስ ይላል፣ ከሩቅ።

ደሴትን በተመለከተ፣ ለአጭር እረፍት ባትመርጡት ይሻላል ባይ ነኝ። በብርድ ወራት የጀልባ ጉዞው ቁጥር ይቀንሳል፣ ነፋስ ሲበረታም ይሰረዛል። ሰኞ ሥራ የሚገባ ሰው ባቡር ወይም አውቶቡስ የሚደርስበት ከተማ ይምረጥ፣ የእሁዱን የመጨረሻ ጉዞ ሰዓት ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ይይ፣ የእሁድና የበዓል ፕሮግራም ከሌላው ቀን ይለያልና።