አምስት ምዕራፍ አንድ ፋይል ሲሆን፦ የሚባለውና እውነታው

ሰኔ ሲቃረብ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያሉ የጽሕፈትና የጥረዛ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማይክሮሶፍት ዎርድ ከጻፉ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይበዛባቸዋል፦ «አምስት ምዕራፍ አለኝ፣ አንድ አድርጉልኝ፣ ደቂቃ አይፈጅም።» ይፈጃል። የሚያስፈጀውም እነዚህ የተሳሳቱ እምነቶች ናቸው።

«ኮፒ ፔስት ይበቃል።» ለሁለት ገጽ ይበቃል። ለምዕራፍ ግን ኢንሰርት ውስጥ ገብተው ከኦብጀክት አጠገብ ያለችውን ቀስት ይጫኑና «ቴክስት ፍሮም ፋይል»ን ይምረጡ። ኮንትሮልን ይዘው ብዙ ፋይል መምረጥ ይቻላል፤ የሚገቡት በዝርዝሩ ላይ በሚታዩበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ስማቸውን በ01፣ 02፣ 03 ያስጀምሩ።

«ምዕራፉ መልኩን እንደያዘ ይገባል።» ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ዎርድ ሄደር (በየገጹ አናት የሚደጋገም ጽሑፍ)፣ ፉተር (በየገጹ ግርጌ የሚደጋገም)፣ ኅዳግና የወረቀት አቅጣጫን የሚያስቀምጠው በየሴክሽኑ (የራሱ የገጽ አቀማመጥ ባለው የፋይሉ ክፍል) መጨረሻ ላይ ነው። የመጨረሻው ሴክሽን መረጃ ያለው በፋይሉ የመጨረሻ የአንቀጽ ምልክት ውስጥ ሲሆን፣ ፋይሉ ሌላ ውስጥ ሲገባ ያ መረጃ አብሮ አይመጣም። በአግድም የተሠራው ሠንጠረዥ ቆሞ ከወረቀቱ የሚወጣው ለዚህ ነው። መፍትሔው ከማዋሃድ በፊት በየምዕራፉ መጨረሻ ከሌይአውት፣ ብሬክስ፣ «ኔክስት ፔጅ» የሚባለውን የሴክሽን መለያ ማስገባት ነው።

ከዚያም በየሴክሽኑ «ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ»ን ያጥፉ፤ ለሄደር ለብቻ፣ ለፉተር ለብቻ። ሳያጠፉ የምዕራፍ ሦስትን ርዕስ ሄደር ላይ ከጻፉ የምዕራፍ ሁለትም ይቀየራል። የገጽ ቁጥር ምዕራፍ አንድ ላይ ብቻ ከ1 ይጀምር፤ ሌሎቹ «ኮንቲኒው ፍሮም ፕሪቪየስ ሴክሽን» ይሁኑ። የመግቢያ ገጾቹ የሮማን ቁጥር የራሳቸው ሴክሽን ይፈልጋል።

የፊደሉም ነገር አለ። ሁለት ፋይሎች «ሄዲንግ 1» የሚባል ስታይል (በስም የተቀመጠ የፎንትና የመጠን ምርጫ) ካላቸው የሚጸናው የተቀባዩ ፋይል ነው፤ ስለዚህ አምስቱም ምዕራፎች ከመጀመሪያው በአንድ ቴምፕሌት (ስታይሎቹ በተዘጋጁበት ናሙና ፋይል) ይጻፉ። ግዕዝ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ከተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ብዙዎቹ ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ኮድ ላይ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ምዕራፍ በስታይል ምክንያት ወደ ኒያላ፣ ማለትም ወደ ዩኒኮድ ፎንት፣ ሲቀየር ገጹ በላቲን ፊደልና በምልክት ይሞላል። ፎንት መምረጥ ብቻ አያድነውም፤ ከማዋሃድ በፊት በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

«ማውጫው ራሱን ያስተካክላል።» አያስተካክልም። ማውጫው ላይ ሆነው ኤፍ 9ን ይጫኑና «አፕዴት ኢንታየር ቴብል» ይበሉ።

«ዎርድ ትልቅ ፋይል አይችልም።» የጽሑፉ ጣሪያ 32 ሜጋባይት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ አይደርስም። የሚያከብደው ፎቶው ነው፤ «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» ይጠቀሙ።

«ሊንክ ያደረግሁትን ፋይል በፍላሽ ይዤ ከሄድኩ ሁሉም አብሮኝ ነው።» አይደለም። በ«ቴክስት ፍሮም ፋይል» ውስጥ «ኢንሰርት አዝ ሊንክ» ብለው፣ ከምንጩ ፋይል ጋር እንደተያያዘ ያስገቡት ምዕራፍ የምንጩን ሙሉ አድራሻ ይይዛል። በፍላሽ የሄደው ፋይል ሲከፈት ደህና ይመስላል፤ ዎርድ መጨረሻ ያነበበውን ጽሑፍ አስቀምጧልና። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ማውጫውን ለማስተካከል ሁሉንም መርጦ ኤፍ 9 ሲጫን ግን ምንጩ ስለማይገኝ በምዕራፉ ቦታ የስሕተት መልእክት ይመጣል። ማስተር ዶክዩመንት (ንዑስ ፋይሎችን የሚያሰባስብ ዋና ፋይል) ደግሞ ይብሳል፤ ጽሑፉ ያለው በንዑስ ፋይሎቹ ውስጥ ስለሆነ ብቻውን ሲሄድ የሚታየው አድራሻ ብቻ ነው፤ በመበላሸትም የታወቀ ስለሆነ ያለ ተጨማሪ ቅጂ አይሠራበት። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም ያድሱ፣ ከዚያ በሌላ ስም ሴቭ ያድርጉ፤ በቅጂው ላይ ብቻ ኮንትሮል ኤ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ሺፍት ኤፍ 9 ይጫኑ። ሊንኩ ተቆርጦ ተራ ጽሑፍ ይሆናል፤ ማውጫውም እንዲሁ፣ ስለዚህ ዋናውን እንዳይነኩት። ለኅትመት የሚሰጡት ፒዲኤፉን ነው።

«ለጋራ ማውጫ የግድ ማዋሃድ አለብኝ።» የለብዎትም። ለማውጫ ብቻ የሆነ ፋይል ይክፈቱ፣ በኮንትሮል ኤፍ 9 የፊልድ (ዎርድ ራሱ የሚሞላው ኮድ) ቅንፍ ያስገቡ፤ በእጅ የተጻፈ ቅንፍ አይሠራም። ውስጡ «አር ዲ» የሚባለውን ፊልድ በላቲን ፊደሎቹ ጽፈው የምዕራፉን ፋይል ስም ያስከትሉ፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ፊልድ። ከፊልዶቹ በኋላ ማውጫ ሲያስገቡ ርዕሶቹን ከየፋይሉ ይሰበስባል። የየፋይሉን የመነሻ ገጽ ቁጥር ግን በእጅ መስጠት ያስፈልጋል፤ ምዕራፍ አንድ በ24 ካለቀ ምዕራፍ ሁለት ከ25 እንዲጀምር።