«ሴራ» ሲባል ተንኮል አይደለም

የሥነ ጽሑፍ መምህር «የልብ ወለዱ ሴራ ምንድን ነው?» ሲል ብዙ ተማሪ ግራ ይጋባል። እውነት አለው። በሰፈር ወሬ ሴራ ማለት በስውር የሚዶለት ተንኮል ነው። በልብ ወለድና በተውኔት ግን ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት መንገድ ነው።

እንዲህ እንየው። «አልማዝ ሱቋን ዘጋች። ወንድሟ ሰርጓ ላይ አልተገኘም።» ይህ ታሪክ ነው፤ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ፣ በቃ። አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ፦ «ወንድሟ የተበደረውን ብር ስላልመለሰላት አልማዝ ሱቋን ዘጋች። እሱም አፍሮ ሰርጓ ላይ ሳይገኝ ቀረ።» ሴራ ማለት ይሄ ነው። ለውጡን ያመጡት «ስላልመለሰላት» እና «አፍሮ» ናቸው። ስለዚህ ፈተና ላይ ሴራውን ግለጹ ስትባሉ «ከዚያ… ከዚያ…» እያላችሁ አትተርኩ። እያንዳንዱን ድርጊት «ለምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት።

«መቼት» ቀላል ነው፤ «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የወለዱት ቃል ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ፍቺውን ራሱ ይናገራላ! ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ ማለት ነው። መጽሐፉ ከታተመበት ዓመት ጋር ግን አታምታቱት።