ጥንድ ከዋክብትን ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመመልከት የዓይን ሌንስ አመራረጥ

ጥንድ ኮከብ የሚባለው በባዶ ዓይን አንድ መስሎ የሚታይ፣ በቴሌስኮፕ ሲመለከቱት ግን ሁለት ሆኖ የሚለይ ኮከብ ነው። አንዳንዶቹ በስበት ተሳስረው እርስ በርስ የሚዞሩ እውነተኛ ጥንዶች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ እጅግ ተራርቀው ሳለ ከእኛ በኩል በአንድ አቅጣጫ ስለተሰለፉ ብቻ የተጠጋጉ ይመስላሉ። እውነተኞቹ ጥንዶች ለሥነ ፈለክ ያላቸው ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ የኮከብን ክብደት በቀጥታ ለማስላት የሚያስችለው የእነርሱ ዑደት ነውና። ለጀማሪ ተመልካችም ትልቅ በረከት ናቸው። ጋላክሲና ኔቡላ ጨለማ ሰማይ ካላገኙ በደንብ አይታዩም፤ ጥንድ ከዋክብት ግን ከተማ መሃል፣ ከመኖሪያ ግቢ፣ ጨረቃ በወጣችበት ሌሊት እንኳ ይታያሉ። የደሴ ፒያሳ መብራት አልቢሬዮ የተባለውን ታዋቂ ጥንድ ኮከብ ከማየት የሚያግድ አይደለም።

በቴሌስኮፕ ውስጥ ብርሃን የሚሰበስበውና ሁለቱን ኮከቦች የሚለየው ዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ነው። ተመልካቹ ዓይኑን የሚያስጠጋበት ትንሹ ሌንስ፣ ብዙዎች አይፒስ የሚሉት፣ የተለየውን ምስል ያጎላል እንጂ ያልተለየውን አይለይም። እንግሊዛዊው ዊልያም ዳውስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው ቀመር ይህንን ወሰን ያሳያል፤ 116 ለዋናው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ሲካፈል ቴሌስኮፑ ሊለያቸው የሚችለው የእኩል ጥንዶች ርቀት በቅስት ሰከንድ ይገኛል። አንድ ቅስት ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ሲሆን ሙሉ ጨረቃ ወደ 1,800 ቅስት ሰከንድ ትሰፋለች። በዚህ ስሌት ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ እስከ 1.7፣ ባለ 114 እስከ 1፣ ባለ 150 እስከ 0.8 ቅስት ሰከንድ ድረስ ይለያል። የቱንም ያህል ውድ የሆነ የዓይን ሌንስ ይህንን ወሰን አያልፍም።

ማጉላት የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። 900 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ባለው ቴሌስኮፕ ላይ የ6 ሚሊሜትር ሌንስ ቢገባ 150 እጥፍ ያጎላል። ስንት እጥፍ እንደሚያስፈልግ ለመገመት 240ን ለጥንዱ ርቀት ማካፈል ጥሩ መነሻ ነው፤ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ያለ ጭንቀት የሚለየው ወደ 240 ቅስት ሰከንድ ሲራራቁለት ነውና። በኤፕሲሎን ላይሬ ካሉት ሁለት ጥንዶች እያንዳንዱ ወደ 2.3 ቅስት ሰከንድ ስለሚራራቅ ቢያንስ 100 እጥፍ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ በተግባር ወደ 150 መሄድ ያስደስታል።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ደንብ ግን ሌላ ነው። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት ለስፋቱ ሲካፈል አንድ ቁጥር ይገኛል፤ 700 ለ70 ሲካፈል 10፣ 1,200 ለ150 ሲካፈል 8፣ 650 ለ130 ሲካፈል 5 ይሆናል። ለጥንድ ከዋክብት የሚመረጠው የዓይን ሌንስ በሚሊሜትር ከዚህ ቁጥር እስከ ግማሹ ድረስ ያለው ነው። እናም ባለ 10ው ቴሌስኮፕ ከ10 እስከ 5 ሚሊሜትር፣ ባለ 5ቱ ደግሞ ከ5 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ይፈልጋል። በዚህ ክልል ውስጥ ከሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ዘንግ ከ1 እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ይሰፋል። ኮከቡ ያን ጊዜ ትንሽ ክብ ሆኖ በቀጫጭን ቀለበቶች ተከብቦ ይታያል፤ ጎረቤቱም የሚፈለገው እዚያው ነው። ከዚያ በላይ ማጉላት ምስሉን ያደበዝዛል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም። ስለዚህ በአንድ ሻንጣ ታጭቀው ከሚሸጡ ስምንትና አሥር ሌንሶች ይልቅ ለራስ ቴሌስኮፕ በዚህ ደንብ የተመረጠ አንድ ጥሩ ሌንስ ይበልጣል። ኮከቡን ፈልጎ ለማግኘት ባለ 25 ሚሊሜትር፣ ለሰፋፊ ጥንዶች መካከለኛ፣ ለጠባቦቹ አንድ አጭር፤ በሦስት ሌንስ ዓመታት መሥራት ይቻላል።

ከዓይነቶቹ መካከል በ1860 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በቪየና የተሠራው ፕሎስል እና በ1880 በጀርመናዊው ኤርንስት አቤ የተቀየሰው ኦርቶስኮፒክ ለዚህ ሥራ ሁነኛ ናቸው። የመስታወት ቁርጥራጮቻቸው ጥቂት ስለሆኑ ብርሃን በውስጣቸው ብዙ አይበተንም። ችግራቸው ሲያጥሩ ዓይንን በጣም ማስጠጋት መጠየቃቸው ነው፤ የ6 ሚሊሜትር ፕሎስል ዓይንን እስከ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ያስጠጋል። መነጽር የሚያደርግ ሰው እዚህ ላይ ይጨነቃል። ነገር ግን የቅርብ ወይም የሩቅ እይታ ችግር በቴሌስኮፑ ማስተካከያ ይታረማል፤ የብርሃኑ ዘንግ ከ1 ሚሊሜትር ሲያንስ ደግሞ አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው እንኳ መነጽሩን አውልቆ ኮከቡን ጥርት አድርጎ ያያል። ዓይንን ለማራቅ የሚሻ ሰው ከዓይን ሌንሱ በፊት የሚገባውንና ማጉላቱን እጥፍ የሚያደርገውን ባርሎው ሌንስ ይጠቀም፤ የ12 ሚሊሜትር ሌንስን ምቾት ሳይቀንስ እንደ 6 ሚሊሜትር ያሠራዋል። ከ8 እስከ 24 ሚሊሜትር የሚዘረጋው ዙም ሌንስ ብዙዎች የሚንቁት ቢሆንም ለጥንድ ከዋክብት እጅግ ይጠቅማል፤ እያጠበቡ ሄደው ኮከቡ ለሁለት የሚከፈልበትን ነጥብ መያዝ የሚቻለው በእርሱ ነው።

ሰፊ እይታ ያላቸው ባለ 70 እና ባለ 82 ዲግሪ ሌንሶች ምስሉን የበለጠ አያጠሩትም፤ ጥቅማቸው ጊዜ መስጠት ነው። በሰማይ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በላይ ባለው የሰማይ መስመር፣ አካባቢ ያለ ኮከብ በደቂቃ 15 ቅስት ደቂቃ ወይም ሩብ ዲግሪ ይጓዛል። 150 እጥፍ በሚያጎላ ባለ 50 ዲግሪ ፕሎስል ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር 80 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ሞተር በሌለው መቆሚያ ላይ ይህ አጭር ነው፤ በየጊዜው ገፋ ሲያደርጉት ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ እስኪረጋም ይጠበቃል።

ደሴ በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርዶ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስትሆን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ደሴ የሰማይን ነገር ገና ከምሥረታዋ ታውቀዋለች፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1882 እ.ኤ.አ. በስፍራው ሰፍረው ሳለ ባዩት ጅራታም ኮከብ ተደንቀው ከተማዋን እንደቆረቆሩ ይነገራል። ኬክሮሱ ራሱ ሀብት ነው። ሲሪየስ ለንደን ላይ ከአድማስ 22 ዲግሪ ብቻ ሲወጣ ደሴ ላይ 62 ዲግሪ ይደርሳል። አልፋ ሴንታውሪ ከአውሮፓ ጨርሶ አይታይም፤ እዚህ ግን በግንቦት መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል 18 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሁለቱ ብሩህ ኮከቦቹም በትንሽ ቴሌስኮፕ ይለያሉ። እርግጥ ደቡቡ በተራራ ያልተጋረደ ቦታ ያስፈልጋል።

ብዙ ጥንዶች በአናት ላይ ማለፋቸውም የዓይን ሌንስ ጉዳይ ነው። ራስ አልጌቲ ከአናት 3 ዲግሪ ያህል ብቻ፣ በሐመል ያለው መሳርቲም 8 ዲግሪ ያህል ርቀው ያልፋሉ። በባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ አናት ላይ ለማየት ብርሃኑን በ90 ዲግሪ የሚያጥፍ መስታወት ወይም ፕሪዝም የግድ ነው። ከርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣው ባለ 45 ዲግሪ ፕሪዝም የተሠራው የምድር ነገር ቀጥ ብሎ እንዲታይ ነው፤ በብሩህ ኮከብ ላይ የብርሃን ሰንጥቅ ስለሚጥል የተጠጋውን ጓደኛ ይሸፍናል። አዲስ የዓይን ሌንስ ከመግዛት በፊት ይህንን መቀየር ይቀድማል።

ከፍታው አየሩን ያሳሳል፣ ኮከቡንም ያደምቃል፤ አየሩን ግን የግድ አያረጋውም። ማታ ቀዝቃዛ አየር ከጦሳ ተራራ ተዳፋት ወደ ደሴ ይወርዳል፤ ቀን ፀሐይ የዋለበት ኮንክሪትና አስፋልትም ሙቀቱን እስከ ሌሊት ይተፋል። ያን ጊዜ ኮከቡ እንደ ፈላ ውኃ ይንተከተካል፤ ባለ 5 ሚሊሜትሩን አውጥቶ ባለ 10ሩን ማስገባት እንጂ መታገል አያዋጣም። ቴሌስኮፑን ወደ ውጭ አውጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዝ፣ ከሲሚንቶ ይልቅ ሣር ላይ ማቆም፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሞከር ብዙ ይረዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ምርጡ ወቅት ነው፤ በልግና ክረምት ደመና ያበዛሉ። የክረምቱ ጉምና እርጥበት በተዘጋ ሻንጣ ውስጥ ባሉ ሌንሶች ላይ ሻጋታ ስለሚያበቅል ከሲሊካ ጄል ጋር ማስቀመጥ ይገባል። አቧራን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይሻላል፤ በነጠላ ጫፍ መወልወል ሽፋኑን ይቧጭረዋል።

የሌንሱ ንጽሕና በጣም የሚታወቀው ብርሃናቸው እኩል ባልሆነ ጥንዶች ላይ ነው። በአቅራብ ያለው አንታሬስ ከደማቁ ኮከብ 2.7 ቅስት ሰከንድ ያህል ርቆ ደካማ ጓደኛ አለው፤ የጣት አሻራ ያለበት ሌንስ ይሰውረዋል። ሪጄል ይቀላል፤ 9.5 ቅስት ሰከንድ ስለሚርቅ በጥር ምሽት ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ይበቃዋል። ከሁሉም የከበደው የሲሪየስ ጓደኛ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አልቫን ግሬም ክላርክ በ18.5 ኢንች ሌንስ ሲያገኘው አዲስ ሌንስ እየፈተነ ነበር። በየ50 ዓመቱ ሲሪየስን ይዞራል፤ አሁን ያለንበት አሥር ዓመት ርቀቱ ወደ 11 ቅስት ሰከንድ የሰፋበት ዘመን ነው። ለዚህ ከ200 እጥፍ በላይ የሚያጎላ ንጹሕ ኦርቶስኮፒክና የተረጋጋ ሌሊት ያስፈልጋል፤ ሲሪየስ ከፍ ብሎ የሚያልፍበት ይህ ሰማይ ደግሞ ለሙከራው የተመቸ ነው።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል በመጋቢት 1781 እ.ኤ.አ. ጥንድ ከዋክብትን ሲፈልግ ዩራነስን ያገኘው በዓይን ሌንስ ቅያሪ ነው። በ227 እጥፍ ያየውን ነገር በ460 እና በ932 ደገመው፤ ኮከቦቹ በዚያ መጠን አልሰፉም፣ ያ ነገር ግን ሰፋ። በ1803 ደግሞ ካስተርን የመሰሉ ጥንዶች በእርግጥ እርስ በርስ እንደሚዞሩ አሳየ። ዛሬም በሰንቡላ ያለችው ፖሪማ በ169 ዓመት ዑደቷ በ2005 ከተጠጋጋች ወዲህ በየዓመቱ እየሰፋች ነው። ይህንን ለመለካት የሚሻ ሰው ውስጡ የተሰመረ ሚዛንና ትንሽ ቀይ መብራት ያለው የ12.5 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ ይገዛል። የሚዛኑ አንድ ክፍል ስንት ቅስት ሰከንድ እንደሆነ የሚታወቀው በሰማይ ወገብ አካባቢ ያለ ኮከብ ቱቦው ሳይነካ ሚዛኑን ዳር እስከ ዳር ለመሻገር የፈጀበትን ጊዜ በሰዓት በመያዝ፣ ሰከንዱን በ15 በማባዛትና ውጤቱን ለሚዛኑ ክፍሎች ብዛት በማካፈል ነው። ጠባብ ጥንዶችን ለመለካት ባርሎው ይጨመርበታል፤ ሰፋፊዎቹን ግን ያለ ምንም ጭማሪ ይለካል።