እትብት የተቀበረበት፣ ሰው የሚቀበርበት

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባነውን ያገናኘን እጣ ነው። በአንድ ደረጃ የጎጃሙም፣ የወላይታውም፣ የጉራጌውም ልጅ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቡና ላይ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "አገርህ የት ነው?" ነው። እኔም ስድስት ዓመት ኖሬበት አሁንም "ደሴ" እላለሁ። እትብቴ የተቀበረው እዚያ ነዋ።

ጥያቄው ክፉ አይደለም። ቦዔዝም ሩትን እርሻው ላይ ሲያያት የማን እንደሆነች ጠይቋል። የአጫጆቹ አለቃ የመለሰለት አገሯን ነው፤ ከሞዓብ የመጣች ሞዓባዊት ናት አለው። እሷም "እኔ እንግዳ ሆኜ ሳለ ለምን አሰብክልኝ?" ስትል ቦዔዝ ምን አላት? ባልሽ ከሞተ በኋላ ለአማትሽ ያደረግሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ አላት (ሩት 2፥11)።

ሩት በመንገድ ላይ ለአማቷ ለኑኃሚን የማለችውንም አስታውሱ። "ሕዝብሽ ሕዝቤ" ብላ አላቆመችም። በምትሞቺበት እሞታለሁ፣ በዚያም እቀበራለሁ አለቻት። እትብቷ ሞዓብ ነው፤ መቃብሯን ግን ከኑኃሚን ጋር አደረገች። መጽሐፉ እስከ ምዕራፍ 4 ድረስ "ሞዓባዊቱ" ይላታል፣ የተወለደችበትን አልደበቀባትም። ያም ሆኖ የዳዊት ቅድመ አያት ሆናለች።

አብርሃምም ቢሆን በከነዓን 400 ሰቅል ብር ከፍሎ የገዛው መሬት ሣራን የቀበረበት ነው (ዘፍጥረት 23)። ይህን ሳነብ እድራችን ትዝ ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ከአራተኛ ፎቅ አንዲት እናት አረፉ። ሊፍት የለንም። ሳጥኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አልዞር አለ። ሁላችንም ግራ ገባን። አንድ ወጣት ከታች ገብቶ ክብደቱን በትከሻው ተቀበለ። "ሱታ! ሱታ!" ይለናል፣ ቀስ በሉ ማለቱ ነው። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ እጁ በግድግዳውና በሳጥኑ መሃል ተልጧል። ሦስት ፎቅ እንዲሁ ወረደ። ኋላ ስጠይቅ፣ ሕንጻው ሳይሠራ በፊት ቤተሰቦቹ እዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ ነበር።

እኛ ይህን ልጅ "ከውጭ የሚመጣው" ነበር የምንለው። ይቅር ይበለን። እንግዶቹ እኛ ነን፣ ተሸካሚያችን እሱ ሆነ።

የእድራችን ደንብ የብሎኩ ነዋሪ ያልሆነ ሰው አይመዘግብም። እሁድ ስብሰባ አለን፣ ይህን ነገር ይዤ እገባለሁ። ጸልዩልኝ።