በሐዋሳ የጊታር ቦዲን በሲኤንሲ መቅረጽ

የጊታር ቦዲን በሲኤንሲ መቅረጽ ማለት፣ በኮምፒውተር የተሣለ ንድፍን እየተከተለ የሚንቀሳቀስ ራውተር (እየተሽከረከረ እንጨት የሚቆርጥ መሣሪያ) አንድን የደረቀ ጣውላ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ገላ እንዲለውጠው ማድረግ ነው። ማሽኑ ለሐዋሳ እንግዳ አይደለም። እንጨት ቤቶች የበር አበባ፣ የአልጋ ራስጌ፣ የኪችን ካቢኔትና የማስታወቂያ ፊደል የሚያወጡት በዚሁ ማሽን ነው። ጊታር ግን ከበር ይለያል። በር ላይ የአንድ ሚሊ ስህተት ማንም አያይም። ጊታር ላይ ያቺው አንድ ሚሊ በጆሮ ትሰማለች።

ማሽኑ የታዘዘውን ይቆርጣል፤ የተሳሳተ ልክ ከተሰጠውም የተሳሳተውን አሳምሮ ይቆርጣል። ስለዚህ የሥራው ዋና ክፍል የሚያልቀው ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ነው። እንጨቱ በደንብ መድረቅ አለበት፣ ልኩም በትክክል መወሰድ አለበት።

አመጣጡ

ድፍን ቦዲ ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ሲፈጠርም ለማሽን እንዲመች ሆኖ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950 ዛሬ ቴሌካስተር የምንለውን፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን ለገበያ አቀረበ። ቦዲው ጠፍጣፋ ጣውላ ነው። በሞዴል እየተመራ በራውተር ይቆረጣል። አንገቱ በአራት ብሎን ይታሰራል። ጊብሰን በ1952 ያወጣው ሌስ ፖል ግን ፊቱ ጎበጥ ያለ፣ አንገቱም በኮላ የተጣበቀ ነው፤ ለመሥራት የበለጠ ያስቸግራል።

በዚያው በ1952 የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በቁጥር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ለሕዝብ አሳየ። ሐሳቡ የጆን ፓርሰንስ ሲሆን ዓላማውም የአውሮፕላን ክፍሎችን መሥራት ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኞቹ ትልልቅ የጊታር ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት የዚያን ማሽን ዘሮች ነው።

እኛ ሀገር ኤሌክትሪክ ጊታር የባንዶች መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። የሮሃ ባንዱን የሰላም ሥዩምን ጊታር የሚያስታውስ ሰው፣ መሣሪያው ከእኛ ቅኝት ጋር ምን ያህል እንደተዋደደ ያውቃል። መሣሪያው ራሱ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። ቦዲውን እዚሁ መቅረጽ የሚያጓጓውም ለዚህ ነው።

ልኩ ለምን ይጠብቃል?

ክራር ሠሪ በዓይኑና በእጁ ይሠራል። ክራር ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱን ድምፅ ይሰጣል። ክሩ ትንሽ ቢረዝም ወይም ቢያጥር ተጫዋቹ ይቃኘዋል። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺ ሆዬ፣ መጨረሻው የሚወሰነው በጆሮ ነው።

ጊታር ግን ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ የተደረደሩ የብረት መስመሮች አሉት። የፍሬቶቹ ቦታ በስሌት የተወሰነ ነው። ከአንድ ፍሬት እስከ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ቦዲው ላይ እስከሚያርፉበት ክፍል፣ ያለውን ርቀት ለ1.0595 ስናካፍል የቀጣዩን ፍሬት ርቀት እናገኛለን። 12ኛው ፍሬት ላይ ስንደርስ ክሩ ልክ እኩሌታ ይሆናል። የፌንደር ዓይነት ጊታር የክር ርዝመቱ 648 ሚሊ ነው፤ 12ኛው ፍሬት 324 ላይ ይውላል። የጊብሰኑ 628 አካባቢ ነው። ብሪጁ ከቦታው ጥቂት ሚሊ ከሸሸ ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። ክፍቱ ክር ተቃኝቶ ሳለ ላይኞቹ ፍሬቶች ከቃና ይወጣሉ። ብሪጁ ላይ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች የሚረዱት በተወሰነ ደረጃ ብቻ ነው።

በእኔ እምነት የሲኤንሲ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ቀንዱንና ወገቡንማ ጎበዝ አናጢ በእጁ አሳምሮ ያወጣዋል። ማሽኑ የሚበልጠው የአንገቱን መቀመጫ፣ የፒካፖቹን (የክሩን ንዝረት የሚይዙትን ማግኔቶች) ጉድጓድና የብሪጁን ቀዳዳዎች ከአንድ ዜሮ ነጥብ ተነስቶ ስለሚያወጣቸው ነው። ሁሉም በአንድ የመሃል መስመር ላይ ይሰለፋሉ።

እንጨቱ

ሐዋሳ በእንጨት በኩል የታደለች ናት። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ወንዶ ገነት አለ። በዚያ ያለው የደን ኮሌጅ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ባለሙያ ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በሻሸመኔ በኩል የፈረንጅ ጥድ፣ ፓይንና የባሕር ዛፍ ተክሎች አሉ። በሲዳማና በጌዴኦ የቡና ማሳ ደግሞ ዋንዛ ለቡናው ጥላ ሆኖ ይቆማል።

ለጊታር ቦዲ ዋንዛን የሚያህል የለም። ቀላል ነው፣ ለመሣሪያ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙም አይጣመምም። ከበሮውም በርጩማውም ከዋንዛ ሲወጣ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሩ የጊታር ቦዲ 2 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ዋንዛ ወደዚያ ይጠጋል። ባሕር ዛፍ ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አንድ ምሽት ሙሉ ቆሞ የሚጫወት ሰው ትከሻው ላይ ልዩነቱን ያውቀዋል። የፈረንጅ ጥድ ቀላል ነው፤ ችግሩ ጉጡ ነው። ግራቪሊያ መካከለኛ ክብደትና የሚያምር ነጠብጣብ መልክ አለው። ግን ብናኙ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ጭምብልና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። እንጨቱ ለድምፁ ምን ያህል ያዋጣል በሚለው ላይ ጊታር ወዳጆች ዛሬም ይከራከራሉ። ፒካፕ በማግኔት የሚይዘው የብረቱን ክር ንዝረት ነው። እኔ ከዝርያው ይልቅ ለድርቀቱና ለክብደቱ ቅድሚያ እሰጣለሁ።

ዋንዛ ሲገዛ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ አዋጁ ሁለት ጊዜ በሌላ ቢተካም የሀገር በቀል ዛፍ ጉዳይ ዛሬም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው አሮጌ ዕቃ ነው። የፈረሰ ቤት በር፣ የድሮ አልጋ ወይም የወፍራም ጠረጴዛ ገበታ ለዓመታት ደርቆ የተቀመጠ ዋንዛ ነው፤ ዛፍም አይቆረጥበትም። ምስማሩ ግን አንድ ሳይቀር መነቀል አለበት። ቢቱ፣ ማለትም የማሽኑ ተሽከርካሪ መቁረጫ፣ ምስማር ከነካ በአንድ ጊዜ ያልቅለታል።

አዲስ ጣውላ ከሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአየር ሲደርቅ ለየ25 ሚሊ ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይታሰባል። ግቡ እርጥበቱን ከ8 እስከ 12 በመቶ ማድረስ ነው። የእርጥበት መለኪያ የሌለው ሰው ጣውላውን በየሳምንቱ ይመዝናል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በተለይ በዝናቡ ወራት፣ ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። በእርጥቡ የተቆረጠ የአንገት መቀመጫ ሲደርቅ ልኩን ይለውጣል።

ሰፊ ጣውላ ስለማይገኝ ሁለት ቁራጭ መሃል ለመሃል በነጭ ኮላ ይጋጠማል። ከዚያ በፒያላ ተልጎ 45 ሚሊ ይደረጋል። 35 በ52 ሳንቲ የሆነ ገበታ ለስትራቶካስተር ዓይነት ቅርጽ ይበቃል፤ ለማሰሪያ ብሎንና ለካስማም ቦታ ይተርፋል።

ንድፉ

አንገቱን መጀመሪያ መግዛት ግድ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ንድፍ ለሌላ አንገት የተሣለ ሊሆን ይችላል። የፌንደር ዓይነት መቀመጫ 56 ሚሊ ያህል ስፋትና 16 ሚሊ ያህል ጥልቀት አለው። ርካሽ አንገቶች ግን ከዚህ ትንሽ ይሸሻሉ። ካሊፐር (ጥቃቅን ልክ የሚለካ መሣሪያ) ይዞ የያዙትን አንገት መለካት ነው።

የብሪጁ መስመር በቀላል ቅነሳ ይወጣል። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ነት አንስቶ ቦዲው ውስጥ እስከሚገባው ተረከዝ ጫፍ ይለካል። 463 ሚሊ ከመጣ፣ 648 ሲቀነስ 463፣ 185 ይቀራል። ከመቀመጫው ግድግዳ እስከ ብሪጁ መስመር ያለው ርቀት እሱ ነው። ወፍራሞቹ ክሮች ከዚህ መስመር ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ስለዚህ ብሪጁ ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ንድፉ በአስፓየር ወይም በመሳሰለው ፕሮግራም ወደ ጂ ኮድ ይቀየራል። ጂ ኮድ ማለት «ከዚህ ነጥብ ወደዚያ ነጥብ፣ በዚህ ጥልቀት፣ በዚህ ፍጥነት ሂድ» የሚል ረጅም የትዕዛዝ ዝርዝር ነው። አንድ ነገር መታወስ አለበት። ክብ የሆነ ቢት ሹል የውስጥ ማዕዘን አያወጣም። 6 ሚሊ ቢት ማዕዘኑ ላይ የ3 ሚሊ ጥምዝ ይተዋል። አንገቱ ሹል ማዕዘን ካለው ያንን በመሮ ማውጣት ነው።

ቆረጣው

ቦዲው ከሁለት በኩል ይቆረጣል። የ6 ሚሊ ቢት ምላጭ በአንድ ጊዜ 45 ሚሊ የሚዘልቅ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ከቅርጹ ውጭ፣ ልክ በመሃል መስመሩ ላይ፣ ሁለት ባለ 8 ሚሊ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ቀዳዳዎቹ ጣውላውን አልፈው ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ገበታ) ውስጥ ይገባሉ፤ በየቀዳዳው ካስማ ይሰካል። እንጨቱ ሲገለበጥ በእነዚህ ካስማዎች ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። የጀርባው ንድፍ በመስታወት እንደሚታየው ግራና ቀኙ መገልበጥ አለበት። የከፍታ ዜሮውም ከጠረጴዛው ገጽ ቢያዝ ይሻላል፤ ያኔ የጣውላው ውፍረት በጥቂቱ ቢለያይም ሁለቱ ወገኖች መሃል ላይ ይገናኛሉ።

ዋንዛውን ከመንካት በፊት የአንገቱን መቀመጫ ብቻ በኤምዲኤፍ ቁራጭ ላይ ማውጣት የግድ ነው እላለሁ። 6 ሚሊ የተባለ ቢት ተስሎ 5.9 ሆኖ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ራሱ ቆይቶ ጥርሱ ሊላላ ይችላል። 100 ሚሊ አራት ማዕዘን አስቆርጦ በካሊፐር ሲለካ ሁሉም ይታያል። አንገቱ ሙከራው ውስጥ በእጅ ግፊት ከገባና ሲነሳ ካልወደቀ ልኩ ትክክል ነው። በመዶሻ የሚገባ ከሆነ ጠቧል፤ በኋላ ቦዲውን ይሰነጥቀዋል።

ፍጥነቱን የሚወስነው ስሌት ቀላል ነው። የዙሩ ብዛት በምላጩ ቁጥር፣ ያ ደግሞ አንዱ ምላጭ በሚገምጠው ውፍረት ይባዛል። 18,000 ዙር በደቂቃ፣ 2 ምላጭ፣ 0.1 ሚሊ ከሆነ በደቂቃ 3,600 ሚሊ ይመጣል። ቀለል ላለ ማሽን ከዚህ ዝቅ ማለት ያዋጣል። ቢቱ በአንድ ማለፊያ የሚወርደው ጥልቀት 3 ሚሊ ገደማ ይሁን። ሰጋቱራውን በእጅ ይዞ ማየት ደግሞ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል። ቅርፊት ቅርፊት ከሆነ ቢቱ እየቆረጠ ነው። ዱቄት ከሆነና የመቃጠል ሽታ ካለው እንጨቱን እያሸው ነው፤ ወይ ዙሩ ይቀነስ ወይ እርምጃው ይጨመር።

መጀመሪያ ጉድጓዶቹ ይወጣሉ፤ የፒካፑ እስከ 19 ሚሊ፣ የሽቦና የቮሊዩም መቆጣጠሪያው እስከ 38 ሚሊ ይወርዳል። የውጭው ቅርጽ መጨረሻ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ግማሽ ሚሊ ተትቶ ይቆረጥና በኋላ በአንድ ቀጭን ማለፊያ ይጸዳል። ቀንዶቹ አካባቢ የእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ስለሚቀየር የመቦጨቅ አደጋ አለ። እዚያ ላይ ማሽኑ ቢዘገይ ምንም አይደለም። ቦዲው ድንገት ተላቆ ቢቱ ላይ እንዳይጋጭም ዙሪያውን አራት አምስት ቦታ ሳይቆረጥ ይቀራል፤ በኋላ በእጅ መጋዝ ይለያል።

መብራት ከጠፋ ማሽኑ ያለበትን ቦታ ሊረሳ ይችላል። አንዳንዱ መቆጣጠሪያ ካቆመበት የመቀጠል አቅም አለው። ቢሆንም ሁለቱ ካስማዎች ካሉ ዜሮው እንደገና ይገኛል፤ ዜሮው ከጣውላው ጠርዝ ከተያዘ ግን ማግኘቱ ያስቸግራል።

ከማሽኑ በኋላ

የጠርዙ ጥምዝ በእጅ ራውተር ይወጣል፤ ለስትራቶካስተር ዓይነት 12 ሚሊ ገደማ ነው። ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከጎን በረጅም ፑንታ ይበሳል፤ ሦስት አቅጣጫ ብቻ ያለው ማሽን ይህን አይችልም። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ከ120 ተጀምሮ እስከ 320፣ ሁልጊዜ በጭረቱ አቅጣጫ።

ቀለሙን የመኪና ቀለም ባለሙያ ቢረጨው ነውር የለውም። ፌንደር ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የመኪና ቀለም ይጠቀም ነበር። የአንገቱ መቀመጫ ግን በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን። የቀለሙ ውፍረት በካሊፐር የተጠበቀውን ልክ ይበላዋል። የዋንዛውን ቡናማ መልክ ማሳየት ለሚፈልግ ግልጽ ቫርኒሽ ይበቃዋል።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ አንገቱ ይታሰርና መጀመሪያ ሁለቱ የዳር ክሮች ብቻ ይወጠራሉ። ከሁለቱም በኩል ከአንገቱ ጠርዝ እኩል መራቃቸው ይታያል። ወደ አንዱ ካደሉ አራቱ ብሎኖች ትንሽ ላላ ተደርገው አንገቱ በእጅ ይገፋል፣ እንደገናም ይጠብቃል። ቀሪዎቹ አራት ክሮች የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው።